በቅጥር ፍርስራሽ ላይ የበቀለ ጥላ



ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ መንገድ ነው። ርዝመቱ 440 ሜትር፣ ስፋቱ 42 ሜትር ነው፤ ሳይቸኩል የሚሄድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ስድስት ሰባት ደቂቃ ቢፈጅበት ነው። የሚገኘው በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከማርሴይ ወደብ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በኤክስ አን ፕሮቫንስ ከተማ ነው። ስሙ ኩር ሚራቦ ይባላል። ፕላታን የሚባሉ ትልልቅ ዛፎች ግራና ቀኝ ተሰልፈውበታል፤ በበጋ ቅርንጫፎቻቸው ከላይ ስለሚገናኙ መሬት የሚደርሰው ፀሐይ ቁርጥራጭ ብቻ ነው።

አስጎብኚዎች ሁሉ ጥንታዊነቱን ያወድሳሉ። ምኑ ነው ግን ጥንታዊ? ዛፎቹ መጀመሪያ የተተከሉት አይደሉም። ስሙ ከ1876 ወዲህ የወጣለት ነው። ፏፏቴዎቹ በተለያየ ዘመን የመጡ ናቸው፤ ታዋቂው ቡና ቤት ተቃጥሏል፤ መንገዱ የተሠራለት የሠረገላ ሽርሽርም ከቀረ ቆይቷል። እኔ እንደማየው ከጥንቱ የቀረው በዋናነት ስፋቱ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን የከተማ ቅጥር ፈርሶ የተገኘ ባዶ ቦታ እስከ ዛሬ ሳይገነባበት ቆየ። ንግግሬም ያ ባዶ ቦታ እንዴት እንደተገኘ፣ ማን ማንስ እንደተሻማበት ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ፤ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሳችሁ ወደ እኛው አምጧቸው።

ኤክስን የቆረቆራት ሴክስቲየስ ካልቪኑስ የሚባል የሮም የጦር አዛዥ ነው፤ ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 122 ዓመት ገደማ፣ ምክንያቱም ፍል ውኃው ነበር። ብዙ መቶ ዓመታት እንለፍ። ፕሮቫንስ በ1481 ከፈረንሳይ ዘውድ ጋር ተቀላቀለች። በ1501 ደግሞ ንጉሥ ሉዊ 12ኛ በኤክስ ፓርላማ አቋቋመ። ይህ ፓርላማ ዛሬ እንደምናውቀው የሕዝብ እንደራሴዎች የሚሰበሰቡበት ምክር ቤት እንዳይመስላችሁ፤ የፕሮቫንስ የበላይ ፍርድ ቤት ነው። ዳኝነቱ በገንዘብ ይገዛ፣ ለልጅም ይወረስ ነበር። ስለዚህ ኤክስ የዳኞች፣ የጠበቆችና የጸሐፊዎች ከተማ ሆነች፤ የአገሩ ሰውም ፕሮቫንስን የሚያሠቃዩዋት ሦስት መቅሠፍቶች ናቸው እያለ ይቀልድ ነበር፦ ሚስትራል የሚባለው ኃይለኛ የሰሜን ነፋስ፣ በየጊዜው እየሞላ የሚያጥለቀልቀው የዱራንስ ወንዝና ፓርላማው።

እነዚህ ዳኞች ገንዘብ ነበራቸው፤ ያጡት ቦታ ነበር። ከተማዋ በመካከለኛው ዘመን ቅጥር ታጥራ፣ መንገዶቿ ጠባብና ጠማማ ሆነው፣ ሠረገላ ለማዞር እንኳ የሚያስቸግር መጣበብ ውስጥ ገብታ ነበር። በ1646 መፍትሔ ያመጣው የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ ሚሼል ማዛረን ነው። ሰውየው ገና ሕፃን በነበረው በሉዊ 14ኛ ስም ፈረንሳይን ያስተዳድር የነበረው የካርዲናል ማዛረን ወንድም ስለሆነ የንጉሡን ፈቃድ ለማግኘት ደጅ አልጠናም። ከቅጥሩ በስተደቡብ የነበረው የአትክልት ቦታ እየተሸነሸነ ተሸጠ። ዣን ሎምባር የሚባል ባለሙያ መንገዶቹን ቀጥ ቀጥ አድርጎ፣ እርስ በርስ እንዲቋረጡ አድርጎ ነደፋቸው። መንፈሳዊ ሥራ ነበር ብዬ አላሞኛችሁም፤ የመሬት ንግድ ነው። ሊቀ ጳጳሱ በ1648 ሮም ላይ ሲሞት ሰፈሩ ገና በጅምር ነበር፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ የማዛረን ሰፈር ነው።

አሁን አሮጌው ከተማ ወዲህ፣ አዲሱ ሰፈር ወዲያ፣ በመካከላቸው ደግሞ አገልግሎቱ ያበቃ ቅጥር ቀረ። ቅጥሩን አፍርሶ ቦታውን ለቤት መሸጥ ቀላል ነበር። ፓርላማው ግን ለመንሸራሸሪያ አዋለው፤ ሥራው ከ1649 እስከ 1651 ተከናወነ። ጊዜውን ልብ በሉ። በ1649 መጀመሪያ ላይ የኤክስ ዳኞች በማዕከላዊው መንግሥት ላይ አምፀው፣ የንጉሡን አገረ ገዥ ኮንት ዳሌን ይዘው አስረው ነበር። በአንድ እጃቸው ሲያምፁ በሌላው ዛፍ ያስተክሉ ነበር ማለት ነው። እኔ በዚህ አልደነቅም። ቅጥር የጦርነት ነው፤ እነሱ ደግሞ በሕግና በገንዘብ እንጂ በቅጥር አልነበረም ከተማዋን የያዟት።

አሳቡ የእነሱ ፈጠራ አይደለም። ፍሎረንስ ተወልዳ ያደገችው ንግሥት ማሪ ደ ሜዲቺ በ1616 በፓሪስ በሴን ወንዝ ዳር ኩር ላ ሬን የሚባለውን የሠረገላ መንሸራሸሪያ አሠርታ ነበር። የኢጣልያ መኳንንት ልማድ በእሷ በኩል ፓሪስ ገባ፤ ከፓሪስም ወደ ኤክስ ወረደ፤ ከኤክስ ደግሞ ማርሴይ ወሰደችው። እንዲህ ዓይነቱ ሽርሽር መድረሻ የለውም። ሙቀቱ በረድ ሲል ሠረገላዎቹ ይወጣሉ፤ ቀስ እያሉ እስከ ጫፍ ይሄዱና ዞረው ይመለሳሉ፤ ደግሞ ይሄዳሉ። በመስኮት የማን ሚስት ምን እንደለበሰች ይታያል፤ ማን ለማን ባርኔጣ እንዳነሣ፣ ማን ደግሞ አይቶ እንዳላየ እንዳለፈ ይመዘገባል። ጋብቻ ይታጫል፣ ዕዳ ይታወቃል፣ ወሬ ይሸጣል። 42 ሜትር ስፋት ያስፈለገውም ለዚሁ ነው፤ ሁለት ሠረገላ ለመተላለፍ ያን ያህል አያስፈልገውም፤ እዩኝ ለማለት ግን ያስፈልጋል።

ከቤቶቹ አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። በደቡቡ ረድፍ የሞሬል ደ ፖንቴቬስ ቤት አለ፤ ግንባታው የተጀመረው በ1647፣ መንሸራሸሪያው ራሱ ከመሠራቱ በፊት ነው። ባለቤቱ ፒየር ሞሬል በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸገና ሹመትና ማዕረግ የገዛ ሰው ነበር። በበሩ ግራና ቀኝ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን የሆኑ ሁለት ግዙፍ ወንዶች ከድንጋይ ተፈልፍለው ቆመዋል፤ ከበላያቸው ያለውን በረንዳ ተሸክመዋል። አንገታቸው ወደ ፊት ጎብጧል፣ የሆዳቸው ጡንቻ ተወጥሯል፣ አንድ እጅ ወደ ራስ ተመልሶ ሸክሙን ይደግፋል። ፊታቸው ላይ የድካም ምልክት በግልጽ ይታያል፤ ቀራፂው የሸክም ሥራ የሚሠራ ሰው በደንብ አይቶ ያውቅ ነበር። በ1660 ሉዊ 14ኛ ኤክስ በመጣ ጊዜ የአጎቱ ልጅ፣ ግራንድ ማድሟዜል የምትባለው ልዕልት፣ በዚህ ቤት አርፋለች። የጨርቅ ነጋዴ ቤት ልዕልት ያረፈችበት ዘመን ነበር እንግዲህ፤ ሸክሙን የድንጋይ ሰዎቹ ቻሉት።

የመንገዱ ሁለት ወገን ግን እኩል አልነበረም። በደቡብ በኩል የመኳንንቱ ቤቶች ተደረደሩ፤ በሰሜን በኩል፣ ከአሮጌው ከተማ ጋር የሚያያዘው ወገን፣ ሱቅና ቡና ቤት ያዘው። ይህን ክፍፍል ከማንም በላይ አጥርቶ ያሳየው ደራሲው ኤሚል ዞላ ነው። ዞላ በልጅነቱ ያደገው ኤክስ ነው። በ1871 በመጽሐፍ ባወጣው «የሩጎኖች ሀብት» በተሰኘው ልብ ወለዱ ኤክስን ፕላሳን ብሎ ስሟን ለውጦ፣ መንሸራሸሪያውንም ሌላ ስም ሰጥቶ፣ የእሑድን ከሰዓት በኋላ ይተርካል። መኳንንቱ ደቡቡን መተላለፊያ ይዘዋል፤ ምክንያቱም ቤቶቹ ስለሚከልሉት ፀሐይ ቀድማ የምትለቀው እሱን ነው። ለተራው ሰው የቀረው የሰሜኑ ነው። ሁለቱ ወገኖች በጥቂት ሜትሮች ተለያይተው ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ግን የማንም አሳብ ሆኖ አያውቅም። ልብ ወለድ ነው፤ ነገር ግን በፕሮቫንስ ሐምሌ ጥላ ገንዘብ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው። አጥር አልነበረም፣ የከልካይ ዘበኛም አልነበረም፤ ሁሉም ቦታውን ያውቅ ነበር።

በ1784 በዚሁ መንገድ 10 ቁጥር ቤት ውስጥ የተፈጸመ ወንጀል የመኳንንቱን ስም ክፉኛ አጎደፈው። ከፓርላማው ፕሬዚዳንቶች አንዱ የሆነው ዳንትርካስቶ የገዛ ሚስቱን፣ አንጄሊክ ደ ካስቴላንን፣ በተኛችበት ገደላት። ፍርድ ቤቱ የሟችም የገዳይም ወገን ነበር። ገዳዩ ወደ ፖርቱጋል ሸሽቶ እዚያው በእስር ሞተ። የፈረንሳይ አብዮት ሊመጣ አምስት ዓመት ብቻ ቀርቶት ስለነበር የከተማው ሰው ይህን ነገር ቶሎ አልረሳውም።

መንገዱ ስሙን ያገኘበት ሚራቦም የዚያው ዘመን ሰው ነው። ኦኖሬ ገብርኤል ሪኬቲ፣ ኮንት ደ ሚራቦ፣ በ1749 የተወለደ ፊቱን ፈንጣጣ የጎዳው፣ ዕዳው የበዛ፣ አንደበቱ ግን የተሳለ መኮንን ነበር። በ1772 ኤክስ ውስጥ ኤሚሊ ደ ማሪኛን የምትባል የሀብታም ልጅ አገባ። እንዴት እንዳገኛት ሲወራ፣ ሌሊቱን ሠረገላውን በልጅቷ ቤት ደጃፍ አቁሞ አሳደረ፤ ጠዋት ከተማው ሁሉ ሲያይ በግማሽ ልብስ በመስኮት ብቅ አለ፤ አባትየውም ስሟ ከሚጠፋ ይዳሩ አለ ይባላል። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን በዚህች ከተማ ሠረገላ የት እንደቆመ መታየቱ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ያሳያል። ትዳሩ አልሰመረም። በ1783 ሚራቦ እዚያው ኤክስ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ራሱ ለራሱ ተከራክሮ፣ ሚስቱን ለማስመለስ ሞከረ። ችሎቱ በሰው ተጨናነቀ፤ እሱ ግን ተረታ። በ1789 የፕሮቫንስ መኳንንት ርስት የለህም ብለው ከጉባኤያቸው አስወጡት፤ በሚያዝያ ወር የኤክስ ተራ ሕዝብ እንደራሴው አድርጎ መረጠው። ቬርሳይ ላይ የአብዮቱ ታላቅ ተናጋሪ የሆነው በዚህ ውክልና ነው።

እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል ይባል የለ? ፓርላማው በ1790 ተሻረ። በመጨረሻው ችሎት ቀርቦ የፕሮቫንስን የድሮ ሕግና መብት በድፍረት የተከላከለው አንድ ጠበቃ ነበር፤ ፓስካሊስ ይባላል። በታኅሣሥ 1790 የተቆጣ ሕዝብ ከታሰረበት አውጥቶ፣ እዚሁ መንሸራሸሪያ ላይ ሰቅሎ ገደለው። መኳንንቱ ሠረገላቸውን ባሳዩበት ቦታ ሬሳ ተንጠለጠለ። ብዙዎቹ አገር ጥለው ሸሹ። ሚራቦ ራሱ በ1791 ሞቶ በክብር ፓንቴዎን ተቀብሮ ነበር፤ ከንጉሡ ጋር በምስጢር ይገናኝ እንደነበር ሲታወቅ አስከሬኑን ከዚያ አወጡት። ዛሬ መንገዱን በስሙ የሚጠራ ቱሪስት ይህን ሁሉ ማወቅ ግዴታው አይደለም፤ በ1876 ስሙን ያወጡት የሪፐብሊኩ ሰዎች ግን አሳምረው ያውቁ ነበር። መኳንንቱ በር የዘጉበትን ሰው ስም በመኳንንቱ ደጅ ላይ ለጠፉበት።

ፓርላማዋን ያጣችው ኤክስ እንቅልፍ ወሰዳት። ከፓሪስ ወደ ማርሴይ የተዘረጋው ዋናው የባቡር ሐዲድ እንኳ በአርል በኩል አለፋት። የጊዜው ሰው ይህን እንደ ውርደት ቆጥሮት ይሆናል። እኔ ግን መንገዱን ያዳነው ይህ ነው ባይ ነኝ። በ19ኛው መቶ ዘመን ፋብሪካና ገንዘብ የጎረፈባቸው ከተሞች አሮጌ ሰፈሮቻቸውን አፍርሰው ሠሩ፤ ኤክስ የሚያፈርስ ገንዘብም የሚያጣድፍ ጉዳይም አልነበራትም። በኋላ ከተማዋ የዩኒቨርሲቲና የመዝገብ ቤት ከተማ ሆነች፤ የፈረንሳይ የባሕር ማዶ ግዛቶች መዛግብት ከ1966 ወዲህ የተቀመጡት እዚያ ነው። በነገራችን ላይ የጅቡቲን የቅኝ ግዛት ዘመን የሚያጠና ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ መዛግብቱን ፍለጋ የሚሄደው ወደዚህችው ከተማ ነው፤ ማታ ማታ አየር የሚቀበለውም ከእነዚሁ ዛፎች ሥር ይሆናል።

ወደ ውኃው እንምጣ። በመንገዱ መሐል ፏፏቴዎች ቆመዋል። ከላይ ከምሥራቁ ጫፍ ንጉሥ ሬኔ አለ፤ ዳቪድ ዳንዤ የተባለው ቀራፂ በ1820ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ሐውልት ነው። ሬኔ የ15ኛው መቶ ዘመን የፕሮቫንስ ገዥ ነው፤ ንጉሥ ይባል እንጂ ኔፕልስን በ1442 ተነጥቆ ስሙ ብቻ ነበር የቀረው። በእጁ የሙስካ ወይን ዘለላ ይዟል፤ ያን ወይን ለፕሮቫንስ ያስተዋወቀ እሱ ነው ስለሚባል። ከግርጌ በምዕራቡ ጫፍ ደግሞ በ1860 የተሠራው ትልቁ የሮቶንድ ፏፏቴ አለ፤ ከላዩ ፍትሕን፣ እርሻንና ሥነ ጥበብን የሚወክሉ ሦስት ሴቶች ቆመዋል። ወደ መንሸራሸሪያው የዞረችው ፍትሕ ናት፤ ለዳኞች ከተማ ተገቢ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚማርኩኝ ግን በመካከል ያሉት ሁለቱ ናቸው። ዘጠኝ ቧንቧ ያለው ፏፏቴ በ1691 በሎራን ቫሎን የተሠራ ሲሆን የገንዳው ከንፈር ዝቅ ያለ ነው። ምክንያቱ በጎች ናቸው። በየዓመቱ ከአርል ሜዳ ወደ ተራራ ግጦሽ የሚነዱ መንጎች በከተማዋ ሲያልፉ እዚህ ይጠጡ ነበር ይባላል። በወርቅ የተለበጠ ሠረገላና አቧራ የለበሰ በግ አንድ መንገድ ላይ! ሌላው፣ በ1734 የዛሬ ቅርጹን የያዘው፣ የሙቅ ውኃ ፏፏቴ ነው። ውኃው በተፈጥሮው 18 ዲግሪ ያህል ሙቀት አለው። ድንጋዩ የት እንደገባ አይታይም፤ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበትና ሣር ስለሸፈነው የቆመ ቁጥቋጦ ነው የሚመስለው። በክረምት ማለዳ አየሩ ሲቀዘቅዝ እንፋሎት ይወጣዋል። እጁን የሚነክር ሰው አይጠፋም።

በሰሜኑ ወገን ቡና ቤቶቹ አሉ። ከመካከላቸው ዝነኛው በ1792 የተከፈተው ነው፤ በ1840 ሁለት አሳላፊዎች ገዙትና «ሁለቱ አሳላፊዎች» ተብሎ ቀረ። ሠዓሊው ፖል ሴዛን እና ዞላ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጓደኛሞች፣ በዚህ ቤት ይታወቃሉ። ሴዛን በ1839 ኤክስ ተወለደ፤ አባቱ በዚሁ መንገድ 55 ቁጥር ላይ የባርኔጣ ሱቅ ነበረው፤ በኋላ ባንክ ከፈተ። ግድግዳው ላይ የባርኔጣ ሱቁ ጽሑፍ ደብዝዞም ቢሆን እስከ ዘመናችን ይነበባል። ባርኔጣ በሚነሣበትና በማይነሣበት ጎዳና ላይ የባርኔጣ ሱቅ መክፈት ብልህነት ነበር። ቡና ቤቱ ግን በኅዳር 30 ቀን 2019 በእሳት ወደመ።

ዛፎቹን ለመጨረሻ ያቆየኋቸው ጉዳያቸው ስላልተዘጋ ነው። መጀመሪያ የተተከሉት ኤልም የሚባሉ ዛፎች ነበሩ። በ1600 ገደማ የንጉሥ ሄንሪ 4ኛ ሚኒስትር ሱሊ በየአውራ ጎዳናው ኤልም እንዲተከል ካዘዘ ወዲህ የፈረንሳይ የመንገድ ዛፍ ኤልም ነበር። የኤክስ ኤልሞች አርጅተው በ19ኛው መቶ ዘመን በፕላታን ተተኩ። የዛሬው ፕላታን የምሥራቅ ሜዲትራኒያንና የአሜሪካ ዝርያዎች የተዳቀሉበት ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ መግረዝን ይችላል፤ ቅርፊቱ በየጊዜው እየተላጠ ስለሚወድቅ ግንዱ ቢጫ፣ ግራጫና ቡናማ ሆኖ ይዥጎረጎራል። በበጋ ያጠላል፣ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ፀሐይ ያስገባል። ጥፋቱ የፀደይ ብናኙ ነው፤ ጉሮሮ ይከረክራል።

አሁን ችግር መጥቶበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ የአሜሪካ ጦር በፕሮቫንስ ዳርቻ ከወረደ በኋላ፣ ከፕላታን እንጨት በተሠሩ የጥይት ሣጥኖች አንድ ፈንገስ ማርሴይ ገባ። ፈንገሱ በቁስል በኩል ይገባል፤ የመግረዣ መጋዝ ወይም የመንገድ ቁፋሮ ያቆሰለው ሥር ይበቃዋል። ውኃ የሚያመላልሱትን የዛፉን ቧንቧዎች ይደፍናል፤ ዛፉ በጥቂት ዓመታት ይደርቃል። ተሰልፈው የተተከሉ ዛፎች ሥሮቻቸው ከመሬት በታች ስለሚጣበቁ ደግሞ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል። መድኃኒት የለውም፤ የታመመው ከነጎረቤቶቹ ተቆርጦ ይቃጠላል። በደቡብ ምዕራብ ካናል ዱ ሚዲ በሚባለው የውኃ መንገድ ዳርና ዳር 42,000 ያህል ፕላታኖች ነበሩ፤ በሽታው በ2006 እዚያ ከተገኘ ወዲህ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ተቆርጠዋል።

የፈረንሳይ የግብርና ምርምር ተቋም በሽታውን የሚቋቋም ፕላታኖር የሚባል ዝርያ አውጥቷል። ነገር ግን እሱም ከአንድ እናት ዛፍ እየተቆረጠ የሚራባ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ለዚህኛው ፈንገስ ባይበገሩም ሌላ ቢመጣ አብረው ይወድቃሉ። በካናሉ ላይ ስለዚህ ዛፎቹን ማደባለቅ ተመርጧል፤ የቱርክ ኦክና ሌሎችም አሉበት። ለካናል ይህ አያስቸግርም። ለኤክስ መንሸራሸሪያ ግን ከባድ ምርጫ ነው፤ ውበቱ የአንድ ዓይነት ዛፍ ሰልፍ ነውና። እኔ ብጠየቅ ደባልቁ ነው የምለው፤ ኤልም ሄዶ ፕላታን ሲመጣ መንገዱ ምንም አልሆነም። ኤክስ ውስጥ በዚህ የማይስማማኝ ሰው ግን ብዙ ነው፤ ክርክሩንም ለእነሱ እተወዋለሁ፤ ጥላው የእነሱ ነው።